ድሬዳዋ ጓሮዬ ውስጥ የሰማኋቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከተማው ዳር ነው። ግቢው ሰፊ አይባልም፤ ግን ስምንት ዶሮ፣ ሁለት ፍየል፣ ሦስት ፓፓያና አንድ ዘይቱን ችሎ ይዟል። አማቴ ሐረር ናቸው። ዳገቱን ይዞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ፣ አማቴ ከሐረር በአካል፣ ጎረቤቴ በአጥር። ብዙው ጠቅሞኛል። ያልጠቀመኝን እነሆ።

«ፀደይ ማለት መስከረም ነው»

እኔም እንዲሁ ነበር የማውቀው። አደይ አበባ ካለ ፀደይ ነው፣ አለቀ። በእኛ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። የአበባው ጊዜ፣ ወርኀ ጽጌ የሚውለውም እሱ ውስጥ ነው፤ መምታታቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። በልግ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ስለሆነ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህ ለሐረርጌ ሰው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የጎመን ዘሬን ቋጥሬ መስከረምን ስጠብቅ፣ አማቴ በበልጉ ዝናብ ዘርተው ሁለቴ ቆርጠው በልተዋል።

«አውራ ዶሮ ከሌለ እንቁላል የለም»

አውራ ዶሯችን ለገና ታረደ። ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ «አቦ፣ እንግዲህ እንቁላል ከገበያ ግዢ!» አለችኝ። በማግስቱ ሦስት እንቁላል አነሳሁ። ሴት ዶሮ አውራ ኖረም አልኖረም ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ሲፈለግ ነው።

እንዲያውም ለድሬ አውራ አለመኖሩ ይመረጣል። በጾሙ መጨረሻ እንቁላሉ ለፋሲካ እየተባለ ይጠራቀማል። ዶሮ እንቁላሏን የምትታቀፈው 37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ በሆነ ሙቀት ነው። የድሬ የሚያዝያ ከሰዓት ደግሞ 30ን አልፎ ይሄዳል። አውራ ያለበት ቤት እንቁላል በዚህ ሙቀት መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ውስጡ ማደግ ይጀምራል። አንድ ጠዋት ለልጄ ልጠብስ ብዬ ብሰብረው፣ አስኳሉ ላይ ቀጫጭን የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ አየሁ። የዚያን ቀን ቁርስ ዳቦና ሻይ ሆነ።

እንቁላል አጥቦ ማስቀመጥ ንጽሕና ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ዶሮዋ ስትጥለው ግን ስስ ሽፋን ለብሶ ይወጣል፤ ያ ሽፋን ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል። ውሃ ያስለቅቀዋል። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሊሠሩበት ሲሉ ብቻ ማጠብ ነው።

«ሹሉ እንቁላል ወንድ ይፈለፍላል፤ ነጎድጓድ ደግሞ እንቁላል ያበላሻል»

ሁለቱንም የነገሩኝ አማቴ ናቸው። የጫጩት ጾታ የሚወሰነው ከእናቲቱ በኩል ነው፤ ያውም ቅርፊቱ ቅርጽ ከመያዙ በፊት። ሹልነቱ ምንም አይነግርም። ነጎድጓዱም በድምፁ እንቁላል አይገድልም። ከነጎድጓዱ ጋር የሚመጣው ዝናብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎጆው ከራሰና ዶሮዋ ደንግጣ ተነስታ ከቆየች፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ የ21 ቀን ልፋት ገደል ይገባል። አማቴ ከእንቁላሉ ሥር ሚስማር ያኖራሉ። ሚስማራቸውን አልነካሁም። ጣሪያውን በላስቲክ ሸፈንኩ።

«ወባ የረግረግ በሽታ ነው፤ የእኛ ውሃ ንጹሕ ነው»

ይህን የምለው እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ሮቶው፣ ሁለቱ በርሜል፣ ጀሪካኑ ሁሉ ይሞላል። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ረግረግ የለ፣ ጭቃ የለ፤ እና ምን ወባ አለ ብዬ አጎበሩን አጣጥፌ ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬው ነበር።

አንድ ማታ ትልቁ ልጄ በስልክ መብራት በርሜሉን እያየ «እማ፣ ውሃው ይንቀሳቀሳል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጤፍ ትንሽ የሚረዝሙ ትሎች፣ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ገሚሶቹ እንደ ስንጥር ውሃው ገጽ ላይ ተጋድመዋል። ገሚሶቹ ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አድርገው ተንጠልጥለዋል። እጄን ስሰነዝር ሁሉም እየተወራጩ ወደ ታች ሰመጡ። የተጋደሙት የወባ ትንኝ ወገን እንደሆኑ ያወቅኩት በኋላ ነው። የተንጠለጠሉት የሌሎቹ ናቸው፤ ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እጭም እንደዚያው ትንጠለጠላለች።

አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ መነሻዋ እስያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በአውሮፓውያኑ 2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከተማ ትወዳለች። ረግረግ አትፈልግም፤ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። በ2022 ወባ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሳ፣ ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ያያያዙት ከእሷ ጋር ነው። ደንጊም በ2013 እዚሁ ድሬ ተነስቶ ነበር። የደንጊዋ ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትነክሰው፤ የማታ አጎበር ብቻውን አይመልሳትም።

«ውሃውን ደፍቼ እሞላለሁ፣ በቃ» ማለትም አያዋጣም። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኘው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉ በሳምንት አንዴ ይፈገፈጋል። እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጆቹ በብሩሽ ከውስጥ ይፈገፍጋሉ፤ ግማሹ ውሃ ለፓፓያው፣ ግማሹ ለራሳቸው ልብስ ይሆናል። ክዳን የሌለውን በርሜል አፉን በአሮጌ ነጠላ ሸፍኜ በባጃጅ ካላማዳሪያ ጥፍር አድርጌ አሥሬዋለሁ። አጎበሩም ከቁም ሣጥኑ ወርዷል።

«ሊጥ ሦስት ቀን ካልቆየ እንጀራ አይሆንም»

ይህ የእናቴ ሕግ ነው፤ ለአዲስ አበባ ብርድ ልክ ነው። ድሬ መጥቼ በሕጉ የሄድኩ ጊዜ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሊጡ የባልዲውን ክዳን ገፍቶ ወለል ላይ ወርዶ አገኘሁት። ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ሙቀት እርሾውን ያፋጥነዋል። እዚህ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሊጡ ነው፤ ኩፍ ብሎ ሲመለስና ከላይ ውሃ ሲያቀር ደርሷል። ያቀረረውን ደፍቶ አብሲት መጣል ነው። በፀደይ እኔ ጋ አንድ ቀን ተኩል ይበቃል። እናቴ አሁንም አላመነችኝም።

«የሻገተውን ለዶሮ ስጪው»

ሐረር ደርሶ የሚመለስ ሰው የባቢሌ ለውዝ ሳይዝ አይመጣም። እኛ ቤትም ከረጢት ሙሉ ነበር። በልጉ ሲመጣ ከታች ያለው እርጥበት ያዘው። የተጨማደደና አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር የለበሰ ፍሬ ወጣ። «ተቆልቶ ይጠፋል» አሉኝ። ካልሆነም ለዶሮ።

ሁለቱም ስህተት ነው። ለውዝ ላይ የሚበቅል አንድ የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ጉበት ነው የሚጎዳው። ሻጋታው በእሳት ቢሞትም መርዙ አብዛኛው ይቀራል። ዶሮንም ይጎዳል። ለፍየል ከተሰጠ በወተቷ በኩል ወደ እኛው ይመለሳል። የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተቀየረውንና መራራውን ለቅሞ መጣል ነው፤ እጅ ቢያሳሳም። የቀረውን አሁን ከመሬት ከፍ አድርጌ ቆጥ ላይ አኑሬዋለሁ።

«የፍየል ወተት ጥሬው ነው መድኃኒቱ»

የግመልም እንዲሁ ይባላል፤ ድሬ ላይ ደግሞ የግመል ወተት በየሰፈሩ አለ። ይህን በአጭሩ። ፍየልም ግመልም ብሩሴሎሲስ ይይዛቸዋል፤ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ትኩሳቱ ሄድ መለስ ይላል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ብዙ ሰው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እያለ ይሰነብታል። አንዴ በደንብ ገንፈል ማድረግ ይህን ያስቀራል። ጣዕሙ ትንሽ ይቀየራል። ልጆቼ ለምደውታል።

«ከጣፋጭ ፓፓያ የተወሰደ ዘር ሁሉ ጣፋጭ ፓፓያ ያፈራል»

ፓፓያ ወንድም ሴትም አለው። ዘሩን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ማበብ አለበት። የሴቷ አበባ ግንዱን ተጠግቶ ይወጣል። የወንዱ በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል። ለዚህ ነው አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት አራት ችግኝ ተክሎ፣ ሲያብቡ ወንዶቹን መቀነስ የሚበጀው። ሁሉንም ግን አይነቅሉም፤ ሴቶቹን የሚያዳቅል አንድ መቅረት አለበት።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ተከልኩ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ አበቡ። ሁለቱም ዘንግ አውጥተዋል። አማቴ መጥተው አዩና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ሦስተኛይቱን ደግሞ ታቦት ተሳይላት» አሉኝ። ሦስተኛዋ እንቡጥ ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አያታለሁ።