የጠጠራማ ወንዝ ወለል ሸካራነት ምንድን ነው?

ጠጠራማ ወንዝ በባዶ እግሩ የተሻገረ ሰው የወለሉን ሸካራነት እግሩ ነግሮታል። ውሃውንም የሚያጋጥመው ያው ነው። ብቅ ብቅ ካለው ድንጋይ ሁሉ ጋር ይላተማል፣ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ወለሉ በሻከረ ቁጥር ውሃው ይዘገያል። የዘገየ ውሃ ደግሞ ከፍ ይላል። ጎርፍ የት ድረስ እንደሚወጣ የሚያሰላ መሐንዲስ ስለ ጠጠር የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

ስሌቱ ውስጥ ይሄ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። ቁጥሩ የማኒንግ ኤን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ ነው። ለለሰለሰ የኮንክሪት ቦይ 0.013 አካባቢ ነው፤ ለጠጠራማ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.05 ይደርሳል። ጥልቀቱና ተዳፋቱ ሳይለወጥ ይህ ቁጥር እጥፍ ቢሆን፣ የውሃው ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። ቀላል ልዩነት አይደለም።

ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? የቆየው መንገድ ድንጋዩን መለካት ነው። ጎርደን ዎልማን እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። አንድ እርምጃ ትራመዳለህ። ፊትህን ዞር አድርገህ ጣትህን ከጫማህ ጫፍ ሥር ትሰዳለህ። መጀመሪያ የነካኸውን ድንጋይ ታነሳለህ። እንዲህ እያልክ 100 ድንጋይ ትለካለህ። ፊት የሚዞረው በምክንያት ነው፤ ዓይን ካየ እጅ ያዳላል፣ ለመያዝ የሚመቸውን ይመርጣል።

ድንጋዩ 9 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 6 ይሰፋል፣ ውፍረቱ 3 ነው እንበል። የሚመዘገበው መካከለኛው፣ 6 ነው። ድንጋዩ በወንፊት ቀዳዳ ማለፍ አለማለፉን በዋናነት የሚወስነው እሱ ነዋ። ከዚያ ከመቶው 84ቱ የሚያንሱበት መጠን ይፈለጋል፣ የማኒንግ ቁጥርም ከእሱ ይገመታል፤ ውሃውን ይበልጥ የሚያውኩት ትልልቆቹ ስለሆኑ።

እዚህ ላይ ግን ሰው በአንድ ነገር ይሸወዳል። መጠንና ሸካራነት አንድ አይደሉም። ያው ድንጋይ በጀርባው ተኝቶ ግማሽ አካሉ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ፣ ብቅ የሚለው 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በጠርዙ ከቆመ ሌላ ታሪክ ነው። ጎርፍ ደግሞ ድንጋዮችን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ፣ ጫፋቸውን ወደ ውሃው መውረጃ አጋድሞ ይደረድራቸዋል። ቆጠራው ይህን አያይም። ድንጋዩን ስታነሳው ድርድሩን አፈረስከው።

ስለዚህ አሁን አሁን ወለሉ ሳይነካ ይለካል። ሌዘር ስካነር ወይም ከብዙ አቅጣጫ የተነሱ ፎቶዎች የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ ይሰጣሉ። መጀመሪያ የወንዙ ተዳፋትና ትልልቅ ጉብታዎች ከስሌቱ ይወጣሉ። ይሄን የዘለለ ሰው ኮረብታውን ሸካራነት ብሎ ይመዘግባል! የቀረው ከፍታ ከአማካዩ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል በስታንዳርድ ዲቪየሽን ይገለጻል። ውጤቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ዋናው ጣጣ ውሃው ራሱ ነው። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሚሰበር፣ ከላይ ሲታይ ወለሉ ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሦስት አራተኛ ላይ ያለ ይመስላል። ማረሚያ ስሌት አለ፤ ግን ለሞገደኛና ለደፈረሰ ውሃ ብዙም አይሆንም። በዚህም የተነሳ ብዙ ጊዜ ስካነሩ የሚተከለው ውሃው ሸሽቶ ባደረቀው የጠጠር ክምር ላይ ነው።