«ስታገቢ ይተውሻል» እና ሌሎች የማይሞቱ የወር አበባ ወሬዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ፋርማሲ የሚሠራ ሰው ስለ ወር አበባ ያልሰማው ወሬ ያለ አይመስለኝም። ሞዴስ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ እሰጣለሁ። ምክር ሲሰጡ ግን ድምፃቸው ይመለሳል። እናት ልጇን ትመክራለች፣ አክስት የእህቷን ልጅ ትመክራለች፣ ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ ደግሞ የማታውቃትን ተማሪ ትመክራለች። ምክሩ ትክክል ቢሆን ምን ነበረበት! አብዛኛው ስህተት ነው። ስህተቱም አዲስ አይደለም፣ ያው የአምናው ነው። አንድ ጊዜ ጽፌው ይውጣልኝ።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላሳልፋቸው።

«ገላሽን አትታጠቢ።» ታጠቢ። ድሬ ላይ ደግሞ በተለይ። ውሃው ደሙን አያስቀረውም። ከውጭ በንጹህ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ወደ ውስጥ ሳሙና ማስገባት ግን አያስፈልግም፣ ይጎዳልም።

«ቀዝቃዛ ውሃ ደሙን ያረጋዋል።» የምትጠጪው ውሃ ጨጓራ ነው የሚገባው። ከጨጓራ ወደ ማህፀን የሚወስድ መንገድ የለም። በግንቦት ሙቀት ልጅን ቀዝቃዛ ውሃ መከልከል ግፍ ነው።

«ሎሚ ከመጠጥሽ ይቆማል።» አይቆምም። ሎሚውን ግን አትጣይው፤ ምስሩ ወይም ጎመኑ ላይ ጨምቂው። ቫይታሚን ሲ ሰውነት በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን (ለደም የሚያስፈልገውን ማዕድን) በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። ሻዩን ደግሞ ከምግብ ጋር አትጠጪው፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆዪው። ሻይ አይረኑን ያስቀርብሻል።

«ቆሻሻ ደም ነው የሚወጣው።» ማህፀን ፅንስ ሊመጣ ይችላል ብሎ በየጊዜው ሽፋን ያዘጋጃል። ፅንስ ካልመጣ ሽፋኑ ይፈርስና ከደም ጋር ይወጣል። መርዝ የለበትም። መጠኑም ከሚወራው ያንሳል፤ በአብዛኛው ሴት በአንድ ዙር ከ30 እስከ 40 ሚሊሊትር ያህል ነው። አንዲት የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም።

«ወንድ ነክቷት ነው።» ይኼኛው ትንሽ ወሬ አይደለም፤ እዚህ ያስገባሁት መልሱ አጭር ስለሆነ ነው። የወር አበባ የሚጀምረው የሰውነት ሆርሞኖች ሰዓታቸው ሲደርስ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ያያሉ። ወንድ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። አንዲት ገና ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች የምትመስል ልጅ ፋርማሲው በር ላይ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። እናቷ ጠርጥራት «ማን ነው? ተናገሪ!» ብላ ስታፋጥጣት አድራለች። አቦ፣ ያሳፍራል።

ቤተ ክርስቲያን አለመግባት፣ ሶላት አለመስገድ የሃይማኖት ሥርዓት ነው። እሱን ለቄሱና ለሼኹ እተወዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልበል። በእስልምና በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትፆምም፤ ያለፋትን ቀን በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ሆኖም ወንድሞቿ እንዳያውቁባት ብላ ረመዳን ላይ ውሃ ሳትቀምስ የምትውል ልጅ ሞልታለች። ሃይማኖቱ ብዪ ያላትን ይሉኝታ ይከለክላታል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «ስታገቢ ይተውሻል።»

ይህን የምሰማው ሁሌ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው። ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከትምህርት ቤት ወጥታ መጥታለች። ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ፊቷ ገርጥቷል። አንዲት ትልቅ ሴት አብራት አለች። «ለቁርጠቱ መድኃኒት ልስጣት?» ስል ሴትዮዋ ትስቃለች። «ተያት አቦ! እኛስ እንዲህ አልነበርን? ስታገባ ይተዋታል።»

ልጅቷ እኮ 9ኛ ክፍል ናት። እስክታገባ ድረስ በየወሩ ትጎንበስ ነው የምትይኝ? ወይስ ለቁርጠት ብለን እንዳራት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማህፀን ጡንቻ ነው። ሽፋኑ ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል። እሱ ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ጡንቻው አጥብቆ ሲኮማተር የራሱን ደም ሥሮች ይጫናቸዋል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ያን ጊዜ ያማል። ንጥረ ነገሩ የበዛባት ልጅ ሕመሙ ይበረታባታል። ያው ንጥረ ነገር አንጀትንም ይነካካል። ቁርጠቱ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቅብጠት አይደለም፣ «ትምህርት ላለመሄድ ብላ ነው»ም አይደለም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ ቀለበት ማሰር የሚለውጠው ነገር የለም።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም፣ እሱን አልክድም። ዕድሜ ሲጨምርና ከወለዱ በኋላ ሕመሙ የሚቀልላቸው ብዙ ሴቶች አሉ። የማይቀልላቸውም አሉ። ልጆች ወልዳ ዛሬም በየወሩ መድኃኒት የምትወስድ ደንበኛ አለችኝ። ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አንዳንዴ እሱ ይመጣል። «የሷን ስጪኝ» ይለኛል፣ ከዚያ በላይ አይናገርም። አማቷ ደግሞ «ሌላ አንድ ስትወልድ ይለቃታል» ትላለች። መጀመሪያ ስታገባ ተባለች። ከዚያ ስትወልድ ተባለች። አሁን ደግሞ ሌላ አንድ። ቀጠሮው ይገፋል እንጂ አይደርስም።

የዚህ ወሬ መንታ ደግሞ «ኪኒን ከለመደች መካን ትሆናለች» የሚለው ነው። ለወር አበባ ሕመም ሁለት ሦስት ቀን የሚወሰድ ማስታገሻ መካን አያደርግም። ሱስም አያሲዝም። ኢቡፕሮፌን ያንኑ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ነው የሚያግደው። ከሕመሙ ምንጭ ላይ ይሠራል ማለት ነው። ፓራሲታሞል ይረዳል፣ ግን ለዚህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ኢቡፕሮፌንን አያህልም። «አሞክሳሲሊን ስጪኝ» የሚሉኝም አሉ። ይህ ኢንፌክሽን አይደለም፣ አሞክሳሲሊን ምንም አይሠራለትም።

«ወስጄው አልሠራልኝም» የምትል ልጅ ስትመጣ መቼ እንደወሰደችው እጠይቃታለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ችላ ችላ ሲያቅታት። ያኔ ንጥረ ነገሩ አስቀድሞ በብዛት ተለቋል። ቁርጠቱ ሲጀማምር ነው መውሰድ። ከ12 ዓመት በላይ ለሆነች ልጅ 200 ወይም 400 ሚሊግራም፣ እህል ቀምሳ፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊግራም አትለፍ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት፣ አስም ካለባት ወይም ሌላ መድኃኒት ከጀመረች አስቀድማ ትንገረን። እርጉዝ የሆነችም እንደዚሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለድሬ ሰው። ዴንጊ፣ በትንኝ የሚተላለፈው የትኩሳት በሽታ፣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ እየተመላለሰ የሚጎበኘን እንግዳ ነው። ልጅቷ ከቁርጠቱ ጋር ትኩሳት ካላት፣ ዓይኗን ከኋላ የሚያማት ከሆነ፣ መገጣጠሚያዋን ከቆረጣጠማት ኢቡፕሮፌንም የሱ ዓይነት ማስታገሻ የሆነውን ዳይክሎፌናክንም አትንኪ። በዴንጊ ላይ መድማትን ያብሳሉ። ፓራሲታሞል ስጪና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ።

መድኃኒት የማትፈልግ ደግሞ ሙቀት ትሞክር። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ እንብርቷ ሥር ትያዘው። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ሆዷም ይቃጠላል። ቀን በድሬ ፀሐይ ማንም አይፈልገውም፣ አውቃለሁ። ሌሊት ቬንትሌተሩ ሥር ግን ይቻላል።

«ይተውሻል» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ የሚጎዳት አንዲት ልጅ አለች። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ልጅ። የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ከ10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል። ብዙዎቹ ሕመሙ ስም እስኪያገኝላቸው ድረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ምክንያቱም በየቤቱ «ያለ ነው፣ ቻይው» ይባላሉ። መካን ያደርጋል ተብሎ መፈራት ካለበት ኪኒኑ ሳይሆን ይኼ ያልታከመው ሕመም ነው። እንግዲህ እናቶች፣ ልብ በሉ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዳም ካልተሻላት፣ በየወሩ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ከሆነ፣ ሕመሙ ከዓመት ዓመት ከበረታ፣ ወይም የወር አበባዋ ሳይመጣም የሚያማት ከሆነ ሐኪም ይያት። ሞዴሱ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚርስ ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም ከአንድ ብር ሳንቲም የሚተልቅ የረጋ ደም ከወጣትም እንዲሁ። ስታገባ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት።

በቃኝ፣ ወደሌላው ልለፍ።

«ጨርቅ የድሃ ነው፣ በሽታ ያመጣል።» ጨርቅ በራሱ በሽታ አያመጣም። አያያዙ ነው። ታጥቦ የሚደገም ሞዴስ እኮ አገራችን ውስጥ ይሠራል። ኢንጂነር ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፍታ ይህንኑ ስላመረተች ነው በፈረንጆቹ 2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። ከዚያ በሳሙና። ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ላይ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው እንዳያይ ተብሎ ፍራሽ ሥር ይደበቃል፣ ሌላ ልብስ ሥር ተደርቦ ይሰጣል፣ እርጥቡን ተመልሶ ይለበሳል። ማሳከክና ኢንፌክሽን የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህ ሁሉ ፀሐይ ባለበት ከተማ! የሚገዛውም ሞዴስ ቢሆን በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየር። «ብዙ አልፈሰሰኝም» ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱን አድርጎ መዋል በላብ ላይ ሽፍታ መጨመር ነው።

«በወሩ 12 ካየሁ በሚቀጥለውም ወር 12 ላይ መምጣት አለበት።» ይህን የሚሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሲዛነፍ ይደነግጣሉ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ዙርሽ 28 ቀን ከሆነ ቀኑ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመ ይመጣል። ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ደግሞ ጳጉሜን የረሳች ልጅ «በሳምንት ቀደመብኝ» ብላ ትመጣለች። የቆጠራው መነሻ ደም የታየበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ደሙ ያቆመበት ቀን አይደለም።

28ም ቢሆን አማካይ ነው። የዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን ሜይ 28፣ በእኛ ግንቦት 20 ላይ የዋለው ለዚሁ ቁጥር ተብሎ ነው። 28ቱ የዙሩ ቀን፣ አምስተኛው ወር ደግሞ ደም የሚፈስበት አምስት ቀን። የልጆቹ አካል ግን በዓሉን አያውቀውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ቢለያይ ያለ ነገር ነው። የሚያሳስበው በተከታታይ 3 ወር ሲቀር፣ ወይም ልጅቷ 15 ዓመት ሞልቷት አንድም ጊዜ ሳታይ ስትቀር ነው። ያን ጊዜ የጎረቤት ምክር ይቆይና ሆስፒታል ካርድ አውጡላት።