የግሪክ ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ፍለጋ በቤተ መዛግብትና በማዘጋጃ ቤት መዝገቦች

በግሪክ የዘር ሐረግ ለመቁጠር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቤተሰቡን መንደር ማወቅ አለበት። ቤተሰብ የሚመዘገበው በመኖሪያው ሳይሆን በመነሻው ማዘጋጃ ቤት ሊሆን ስለሚችል፣ አቴንስ ተወልዶ ያደገ ሰው ስሙ በአያቱ ደሴት ዲሞቶሎጊዮ፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤቱ የቤተሰብ መዝገብ፣ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ በምርጫ ቀንም ድምፅ ለመስጠት ወደዚያው የሚሄድ ብዙ ነው። መንደሩን ማግኘት ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የቱርክና የስላቭ ስም የነበራቸው በርካታ መንደሮች አዲስ የግሪክ ስም የተሰጣቸው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2010 የወጡት የአስተዳደር ሕጎች ደግሞ ትናንሾቹን ማዘጋጃ ቤቶች በትላልቆቹ ሥር ጠቅልለዋል።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ1856 በሕግ ቢደነገግም በመላ አገሪቱ በወጉ መሠራት የጀመረው ከ1925 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ዋናው መነሻ ለውትድርና ምልመላ የተዘጋጀው የወንዶች መዝገብ፣ ሚትሮኦ አሬኖን፣ ነው። አንዱ መስመር ተራ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም፣ የግል ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዓመትና ቦታ ይይዛል። የተጻፈው ዓመት አንዳንዴ በግምት የተሞላ ስለሆነ እንደ እርግጠኛ ነገር መያዝ የለበትም። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የተዘጋጁት የመራጮች ዝርዝሮች ዕድሜና ሥራ ይጨምራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1914 በተመሠረተው የመንግሥት አጠቃላይ ቤተ መዛግብትና በየክፍለ ሀገሩ ባሉት ቅርንጫፎቹ ይገኛሉ።

በእነዚህ ሰነዶች ሴቶች የሉም። እናትንና አያትን ለማግኘት የሚሻለው የውል አዋዋዮች መዝገብ ነው፤ የሙሽራዪቱ ወገን ለጋብቻው የሚሰጠው ንብረት በውል ሲጻፍ አልጋ ልብሱ፣ የመዳብ ድስቱ፣ የወይራ ዛፉ አንድ በአንድ ይዘረዘራል፣ የልጅቱም ስም ከወላጆቿ ጋር ይሰፍራል። እስከ 1797 በቬኒስ ሥር በነበሩት የኢዮኒያ ደሴቶች እንዲህ ያሉ ሰነዶች ከኮርፉ ጀምሮ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ወደ ኋላ ይዘልቃሉ፤ ዛኪንቶስ ላይ ግን በ1953 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት አብዛኛውን ቤተ መዛግብት አጥፍቶታል።

የስም አወጣጡ ራሱን የቻለ መሪም ችግርም ነው። በልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ስለሚጠራ፣ ሦስት ወንድማማቾች ልጆቻቸውን ሁሉ ተመሳሳይ ስም ሊያወጡላቸው ይችላሉ፤ እነዚህን የሚለያቸው የአባት ስም ብቻ ነው፣ ይህም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በአጎቱ ልጅ መስመር ገብቶ የሚሳሳት ተመራማሪ የበዛውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የቤተሰብ ስም መድረሻ አካባቢን ይጠቁማል፦ ‹አኪስ› በቀርጤስ፣ ‹ኦፑሎስ› በፔሎፖኔስ፣ ‹ኢዲስ› በጥቁር ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ባለው በጳንጦስ ተወላጆች ዘንድ ይበዛል። ወደ አሜሪካ የሄደው ኮንስታንዲኖስ ግን በዚያ ሰነድ ላይ ‹ጋስ› ተብሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ፈላጊው በሁለቱም ስሞች ማሰስ ይገባዋል። ግሪክ የካቲት 1923 ላይ የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር 13 ቀን ስለዘለለች፣ ከዚያ በፊት ያለ ቀን ከውጭ አገር ሰነድ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን ማስላት ያስፈልጋል።

ከአናቶሊያ (ከትንሹ እስያ፣ ከዛሬዋ ቱርክ) በመጡ ቤተሰቦች ላይ ፍለጋው ይከብዳል። ግሪክ በ1922 በቱርክ ከደረሰባት ሽንፈትና በሁለቱ አገሮች መካከል የሕዝብ ልውውጥ ከደነገገው ከ1923 የሎዛን ስምምነት ጋር ተያይዞ 1.2 ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ግሪክ ሲገቡ፣ የደብራቸውን የክርስትና መዝገብ ይዘው የወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ለእነዚህ የሚረዱት ለካሣና ለሰፈራ የተዘጋጁት የስደተኞች ዝርዝሮች፣ እንዲሁም በአቴንስ የትንሹ እስያ ጥናት ማዕከል የተሰበሰቡት የቃል ምስክርነቶች ናቸው።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ይኖሩ የነበሩ ግሪኮች ዘሮች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው፤ ክርስትናና ጋብቻቸው የሚፈጸመው በእስክንድርያ ፓትርያርክ ሥር ባለው፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ባደረገው የአክሱም ሜትሮፖሊስ (የግሪክ ኦርቶዶክስ ሀገረ ስብከት) ስለነበር የዚያን መዝገብ መጠየቅ ይቻላል። በቆንስላ በኩል የተላለፈው ኩነት ደግሞ በውጭ አገር የተፈጸሙትን የሚይዘው በአቴንስ ያለው ልዩ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ጋ ይፈለጋል።