አለርጂ ምንድን ነው? «ያልተስማማኝ ሁሉ» አይደለም

«አለርጂ ማለት ያልተስማማህ ነገር ሁሉ ነው» ብሎ የጻፈ ወንድም ሰሞኑን ብዙ ላይክ አግኝቷል። እንዳላየ ላልፈው ነበር። ግን ይሄው አባባል ደሴ ላይ የታካሚ ካርድ ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ አየዋለሁ፣ መዘዙም ቀላል አይደለም።

ወንድሜ፣ ወተት ጠጥተህ ሆድህ የሚነፋህ የወተቱን ስኳር የሚፈጭልህ ኢንዛይም ስላነሰህ ሊሆን ይችላል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተህ ደሴ ስትገባ አፍንጫህ የሚፈሰውም ብርዱ ብቻውን ያደርገዋል። ክኒን ጨጓራህን ካቃጠለህ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። አለርጂ የምንለው የሰውነት መከላከያ ራሱ ተነስቶ፣ ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገውን ነገር እንደ ጠላት ሲቆጥረው ነው።

ጄል እና ኩምብስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. በአራት ከፍለውታል። በግቢ ውሻ ላስረዳችሁ።

እንግዳ መጀመሪያ ሲመጣ ውሻው አሽትቶት ዝም ይላል፤ ሽታውን ግን ይዟል። ሲመለስ ይዘልበታል። አንደኛው ዓይነት ይሄ ነው፤ አይጂኢ የሚባለው አንቲቦዲ (ሰውነት ጠላትን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ውሻችን ማለት ነው) የሚመራው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ የሚነሳ፦ ኦቾሎኒ፣ የንብ መርዝ፣ ፔኒሲሊን። ለዚህ ነው «ባለፈው ተወግቼው ምንም አላለኝም» የሚለው ነገር ዋስትና የማይሆነው። በሁለተኛው ዓይነት እንግዳው ጋቢውን ለቤቱ ልጅ ያለብሰዋል፣ ውሻውም በጋቢው ሽታ የገዛ ልጃችንን ይነክሳል። አንዳንድ መድኃኒት ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ተለጥፎ የሚያስፈጀው እንዲህ ነው። በሦስተኛው ውሻና እንግዳ ተያይዘው ወድቀው የግቢውን መውረጃ ይደፍኑታል፤ የእባብ መርዝ ማርከሻ የወሰደ ሰው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያተኩሰው፣ መገጣጠሚያውን የሚያመው፣ ሽፍታ የሚወጣበት ከዚህ የተነሳ ነው። አራተኛው ላይ ውሻው የለበትም። ሰፈሩ፣ ማለትም የመከላከያ ሕዋሳቱ ራሳቸው፣ ተጠራርቶ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ኒኬል ያለበት አርቲፊሻል ጉትቻ ጆሮን የሚያቆስለው እንዲህ ነው። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ የሚነበበውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ «አለርጂ አለኝ» ላለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ከስንት ጊዜ በኋላ ጀመረህ?» ብዬ ነው። የሚያናድደኝም ይሄ ጥያቄ ሳይጠየቅ «ፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ካርድ ላይ መጻፉ ነው። ልጅ በቫይረስ ታሞ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል፣ ቫይረሱ ሽፍታ ያወጣበታል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ፔኒሲሊን ይከለከላል። ፔኒሲሊን አይስማማቸውም ተብለው ከተመዘገቡት በትክክል ሲመረመሩ 90 በመቶ ያህሉ ይችሉታል። በራሳችሁ ግን እንዳትሞክሩት፤ ምርመራው በሐኪም እጅ ነው።

ካነሳሁት አይቀር፣ በየወሩ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚወስዱ የልብ ሕመምተኞች ነገር ያስጨንቀኛል። መርፌው እንደተወጋ የሚወድቅ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ቫልቩ (ደም የሚያሳልፈው በሩ) በጣም የተጎዳ ልብ በሕመሙና በድንጋጤው የደም ግፊት ሲወርድ ላይቋቋመው ይችላል። ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ተኝታችሁ ተወጉ። ልባችሁ በጣም ከተጎዳ በሚዋጥ መተካት ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ማቋረጡ ራሱ ልብን ይጎዳል።

ሽፍታ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ሰውየው ራሱን እየሳተ ከሆነ ግን ዓይነቱን ለመለየት ጊዜ የለም። በፍጥነት ጤና ተቋም አድርሱት። መድኃኒቱ ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የማሳከክ ማስታገሻ ክኒን አይተካውም፤ ክኒኑ እስኪሠራ ብላችሁ ቤት አታቆዩት። ሲያገግም የመድኃኒቱን ስም፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደጀመረውና ምን እንደታየበት ጽፋችሁ ያዙለት።