በደሴ ዜና መስማት፦ የመገናኛ ብዙኃን ወገንተኝነት ከአንድ ከተማ ሲታይ

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የሕወሓት ቃል አቀባይ ኃይሎቻቸው ደሴን መያዛቸውን ተናገሩ። የፌዴራል መንግሥት ደግሞ ከተማዋ በእጁ እንደሆነች አስታወቀ። ሁለቱም ዜናዎች በአንድ ቀን ዓለምን ዞሩ። ራቅ ብሎ ለሚሰማ ሰው ነገሩ የክርክር ርዕስ ነበር። ለደሴ ሰው ግን ሌላ ነው። ልጆቹን ይዞ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ ወይስ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ? ከራያ ቆቦና ከወልዲያ ተፈናቅለው በከተማዋ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉትስ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰደዱ? ያን ቀን ዜና የሕይወት ጉዳይ ነበር። በማግስቱ የኮምቦልቻም መያዝ ተወራ።

በዜና ሥራ ወገንተኝነት ማለት የግድ መዋሸት አይደለም። ሁለት እውነት እያለ አንዱን ብቻ መናገርም ወገንተኝነት ነው። ለአንዱ ማዕረግ፣ ለሌላው ስድብ መስጠትም እንደዚያው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ። ወሎ ይህን በደንብ ያውቀዋል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደሴ ዋና ከተማው በሆነችለት ጠቅላይ ግዛት ሕዝብ በረሃብ አለቀ። የአገር ውስጥ ጋዜጣና ሬዲዮ በአብዛኛው የመንግሥት ነበሩ። የሚበዛውን ጊዜ ዝም አሉ። ረሃቡን ለዓለም ያሳየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ጥቅምት 8 ቀን 1966 በቴሌቪዥን ያቀረበው ዘገባ ነው። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ድግስና ድሎት ምስሎች ጋር ቀጣጠለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የወሎ ሰው ረሃብ እውነት ነበር። የቤተ መንግሥቱም ድሎት እውነት ነበር። የቀጣጠላቸው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ወገንተኛ ዜና እንዴት እንደሚሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ዝምታን ያጋለጠው ደርግ ራሱ አሥር ዓመት ቆይቶ ዝም አለ። መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችውን ኮረምን ለዓለም ያሳዩት የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ናቸው። ጊዜው ጥቅምት 1977 ነው። ሁለቴ ሙሉ የወሎ ሰው ስለራሱ ሞት ከባሕር ማዶ ሰማ።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ የግል ጋዜጦችን በር ከፈተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዝዛል። በ2013 ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ወጣ። በወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ነው። ሥራው ግን ደመወዝ ከፋዩንና ሿሚውን ሲከተል ኖሯል። በኢሕአዴግ ዘመን «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» የሚባለው አስተሳሰብ ጉድለትን ማውራት ልማትን እንደ ማደናቀፍ እንዲታይ አድርጎ ነበር። ደሴ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የኤፍ ኤም ጣቢያ አላት። የከተማዋ ሰው ግን በአንድ ጣቢያ ብቻ አይረካም። የጀርመን ድምፅን፣ የአሜሪካ ድምፅን፣ በኋላም የቢቢሲ አማርኛን እያስተያየ ኖሯል። ቡናው አቦል ላይ የተወራው ቶና ላይ ይፈተሻል፤ በረካ ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ያፈርሰዋል።

ስለ ቋንቋው ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በእኛ ቋንቋ ያለ አንቱታና ያለ አንተታ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ያስቸግራል። ባለሥልጣኑ «አሳሰቡ»፣ «አብራሩ» ይባላል። ተቃዋሚው «አለ»፤ ሲብስም «ለፈፈ» ይባላል። ገና አንድ ጭብጥ ሳይነገረን በግሱ ብቻ ለማን ማዘን እንዳለብን አወቅን ማለት ነው። ትናንት «አቶ» ተብሎ በአንቱታ የተጠራ ሰው ዛሬ ማዕረጉን አጥቶ ሲጠራ አድማጩ ነገር እንደተበላሸ ይገባዋል። ከተማም እንዲሁ ነው። ለአንዱ «ተያዘች»፣ ለሌላው «ነጻ ወጣች»። የአንዱ ጦር «ሸሸ»፣ የሌላው «ስልታዊ ማፈግፈግ አደረገ»። በጦርነቱ ወቅት የመንግሥት ጣቢያዎች ሕወሓትን «ጁንታ» ይሉ ነበር። በመቀሌ በኩል ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት «ፋሽስት» ይባል ነበር። ሌላም አለ፦ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመላከተ»። ማን ገለጸ? ማን ጠቆመ? ተናጋሪው ከግሱ ጀርባ ተደብቋል። እነዚህ ሦስት ቃላት ከዜና ቢወጡ ብዙ ነገር ይጠራ ነበር።

ጋዜጠኛውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወደ ወረዳ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በጋባዡ መሥሪያ ቤት መኪና ነው። ውሎ አበሉንም ጋባዡ ይከፍላል። የበላበትን ቤት እንዴት ይተች? በጦርነት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ዝግ ነው፤ ስልክ አይሠራም። ኅዳር 16 ቀን 2014 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት በወጣ መመሪያ፣ ስለ ጦር ግንባር ውሎ በይፋ ያልተነገረ መረጃ ማሰራጨት ተከለከለ። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን ወደ መንግሥት እጅ መመለሳቸው ሲነገርም፣ ሰው መጀመሪያ ያደረገው ዘመዱ ጋ መደወል ነበር። ክፍተቱን ዩቲዩብና ፌስቡክ ሞሉት። «ሰበር ዜና» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ የቆየ ፎቶ፣ የሚጮህ ድምፅ። እዚያ የሚከፍለው ጋባዡ መሥሪያ ቤት ሳይሆን የተመልካቹ ብዛት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ውስጥ ተጋብቶ በሚኖርበት ወሎ፣ ከሩቅ የሚለጠፍ አንድ የሃይማኖት ወሬ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳስብ እፈራለሁ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ሁለቱ ወገኖች የጠላትነት ፕሮፓጋንዳና የጥላቻ ንግግር እንዲያቆሙ ያስገድዳል። ቃል ከጥይት ጋር በአንድ ሰነድ መቆጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ቃላቱም ተመልሰው መጡ፤ አሁን «ጽንፈኛ» የሚለው ተራ ደርሶት። በእንዲህ ያለ ጊዜ የደሴ ሰው መናኸሪያ ወርዶ ሹፌር ይጠይቃል። ሹፌሩ የመጣበትን መንገድ በዓይኑ አይቷል።

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ባቲ ገበያ የደረሰ ሰው አፋሮችን ያገኛል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ዜና የመለዋወጥ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ። ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን ይለያል። የሰማው ከሆነ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። የሐሰት ዳጉ ያቀበለ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይነወራል፤ ይቀጣልም። ዳጉ አርታኢም አዋጅም የለውም። ተናጋሪውና አድማጩ ግን ነገም በዚያው መንገድ ይገናኛሉ።