ሰላሳ ሲቪ በትኜ አንድም ስልክ አልተደወለልኝም

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ጆብ ፌር (ቀጣሪዎችና ሥራ ፈላጊዎች የሚገናኙበት ዝግጅት) አለ በተባለ ቁጥር ፎቶ ኮፒ ቤቱ በተመራቂ ይጨናነቃል። እኔም ድሮ ሰላሳ ሲቪ አባዝቼ በትኛለሁ። የደወለልኝ የለም። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ፋብሪካ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ሲቪ ስቀበል ነው ጥፋቴ የገባኝ።

«ብዙ ሲቪ የበተነ ይቀናዋል»

አይቀናውም። ማታ ላይ ከፊታችን የቀረው የወረቀት ክምር ነው። ሁሉም «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» ይላል። የሚታወሰው ቆሞ ያወራ ሰው ነው። አንዲት ልጅ ሲቪዋን ከመስጠቷ በፊት «የጥራት ተቆጣጣሪ ሥራው የማታ ፈረቃም አለው?» ብላ ጠየቀችን። ስሟ አጠገብ ምልክት አደረግን።

ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው መጀመሪያ ባየው ላይ ብሩን አያወጣም። አንድ ዙር ይዞራል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጆብ ፌርም እንደዚያው ነው። የሚመጡትን ድርጅቶች ዝርዝር ቀድማችሁ ፈልጉ። አራት አምስቱን ምረጡ። ምን እንደሚሠሩ እዩና ሲቪውን ለየሥራው አስተካክሉት። በጣም የምትፈልጉት ጋ ግን መጀመሪያ አትሂዱ፤ ሌላው ጋ አፋችሁን ፍቱ።

«ፋብሪካ የሚቀጥረው ኢንጂነርና ኦፕሬተር ብቻ ነው»

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው የስፌት መኪና ነው። ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ግን ደመወዝ የሚያሰላ አካውንታንት ይፈልጋል። ዕቃ የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ ግዢ የሚሠራ፣ የሰው ኃይል የሚይዝ፣ ክሊኒክ ውስጥ የምትቀመጥ ነርስም ይፈልጋል። «የኔ ዘርፍ የለም» ብሎ ከበር የሚመለስ ልጅ ያናድደኛል። ጠጋ ብሎ «አካውንቲንግ የተማረ ትቀጥራላችሁ?» ማለት ምን ያስከፍላል?

«መጠየቅ ድፍረት ነው»

ወሎ ውስጥ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተን ነው ያደግነው። ደስ ይላል፣ ግን ጠረጴዛው ጋ ይጎዳል። አብሽሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። የሙከራ ጊዜው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። መደበኛው የሥራ ሰዓት ደግሞ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ይህን አውቆ የሚጠይቅ ሰው ሲያወራም ያስታውቃል።

«ለመመዝገቢያ ትንሽ ብር መክፈል ያለ ነው»

የለም! ብር ከጠየቋችሁ ዞር በሉ። ለአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዲቀበል ሕጉ አይፈቅድም። ኦሪጅናል ዲግሪያችሁንም ለማንም ትታችሁ አትሂዱ። አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ መልሳችሁ ቦርሳ ውስጥ።

«ሱፍ ካልለበሱ አያናግሩም»

ንጹሕና የተተኮሰ ልብስ ይበቃል። የተዋሳችሁትን ሱፍ ለብሳችሁ ከደሴ ብርድ ብትነሱ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ላብ በላብ ናችሁ።

«ሰው ከሌለህ አትልፋ»

ይሄኛውን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ብዬ አልምልም። ዘመዱን የሚቀጥር አለ። ግን ጆብ ፌር ላይ ያናገራችሁ የሰው ኃይል ባለሙያም ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታውቁት ሰው ነው። ስሙንና ስልኩን ጠይቁ። ያወራችሁትን እዚያው ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ከሦስተኛው ጠረጴዛ በኋላ ሁሉም ይምታታል። ከዚያ በሁለት መስመር መልእክት ላኩለት፣ ምን እንዳወራችሁ አስታውሱት። አብዛኛው ሰው ይህን አያደርግም።

የፈረቃውን ነገር የጠየቀችን ልጅ ያን ዕለት ማታ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «የማታ ፈረቃውን ለቤተሰብ ነግሬአለሁ፣ ተስማምተዋል» ነው ያለችው። በሳምንቱ ለቃለ መጠይቅ ጠራናት።