የወይን ተክል ለድርቅ የሚሰጠው የጂን ምላሽ ምንድን ነው?

የወይን ተክል ውሃ ሲያጥረው አዲስ ጂን አያበጅም። በ19 ጥንድ ክሮሞሶሞቹ ላይ ካሉት 30 ሺህ ገደማ ጂኖች የተወሰኑትን አብዝቶ ማንበብ፣ የሌሎቹን ንባብ መቀነስ ይጀምራል። የጂን ምላሽ ማለት ይኸው ነው፦ የትኛው ጂን፣ በሥር፣ በቅጠል ወይስ በፍሬ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህል ተነበበ። «ድርቅ ቻይ ዝርያ» ሲባል ሌላው የሌለው ተአምረኛ ጂን ያለው የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጂኑ በደካማውም ዘንድ አለ፤ የሚለያዩት መቼና ምን ያህል እንደሚነቃ ነው።

ዋናው መልእክተኛ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ነው። አፈሩ ደርቆ በሴሉ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ሲወርድ ኤንሲኢዲ የሚባሉት ጂኖች ይነቃሉ። ኢንዛይማቸው ካሮቲኖይድን (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን የቀለም ቤተሰብ) ይቆርጣል፤ ከቁራጩም በጥቂት ደረጃዎች ሆርሞኑ ይሠራል። የምርቱን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ይህ ቆረጣ ነው።

ቀጥሎ ያለው አሠራር እስረኛን እንደመፍታት ነው። ኤስኤንአርኬ2 የተባለ ኪናዝ (በፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚያያይዝ ኢንዛይም) በደህናው ጊዜ ፒፒ2ሲ በተባለ ፎስፋቴዝ (ፎስፌትን በሚያነሳ ኢንዛይም) ተይዞ ይቆያል። ሆርሞኑ ተቀባይ ፕሮቲኑ ላይ ሲያርፍ ተቀባዩ ፎስፋቴዙን ያፍነዋል፤ ኪናዙም ይፈታል። የተፈታው ኪናዝ ሁለት ሥራ አለው። በስቶማታ (በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ) ጠባቂ ሴሎች ውስጥ የአሉታዊ አዮኖችን መውጫ ይከፍታል፤ ፖታሲየም ይከተላል፤ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ ሴሎቹ ሲላሉ ቀዳዳው ይዘጋል። ይህ በደቂቃዎች ይሆናል፤ አዲስ ጂን እስኪነበብም አይጠብቅም። ሁለተኛው ሰዓታት ይፈጃል፦ በኒውክለስ ውስጥ ኤቢኤፍ የተባሉት ፕሮቲኖች ፎስፌት ይያያዝባቸውና፣ ከፊታቸው ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ የሚል የዲኤንኤ ፊደል ባላቸው ጂኖች ላይ አርፈው ያነቋቸዋል።

ከሚነቁት መካከል ሌሎች ፕሮቲኖች በድርቀት እንዳይበላሹ የሚጠብቁት ዲሃይድሪኖች፣ ፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚያመርቱ ጂኖች፣ እንዲሁም ቀዳዳው ተዘግቶ ብርሃኑ ሲተርፍ የሚፈጠረውን ጎጂ ኦክስጅን የሚያመክኑ ኢንዛይሞች ይገኛሉ። የሴል ግድግዳን የሚያላሉ የዕድገት ጂኖች ደግሞ ይቀንሳሉ። የጫፍ ቀንበጡና ተክሉ ድጋፍ የሚይዝበት የጠምዛዛው ክር እድገት ቅጠሉ ከመጠውለጉ ቀደም ብሎ የሚገታውም ለዚህ ነው፤ ማሳ ላይ በዓይን የሚታይ ፈጣን ምልክት ይህ ነው። የውሃ መተላለፊያ ፕሮቲኖች የሆኑት አኳፖሪኖች ነገር ግን ወጥ አይደለም፦ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፣ ሥር ላይ የታየውም ቅጠል ላይ አይደገምም።

የዝርያ ልዩነት ሲነሳ ግሬናሽና ሲራ ይጠቀሳሉ። ግሬናሽ ቀዳዳውን ቶሎ ዘግቶ የቅጠሉን ውሃ ይጠብቃል፤ ሲራ ከፍቶ ይቆይና ስኳር ማምረቱን ይቀጥላል፣ ግን የውሃ ቧንቧው በአየር አረፋ የመዘጋት አደጋ ይጨምርበታል። ይህን ክፍፍል እንደ ሕግ መያዝ ስህተት ነው፤ አንዱ ዝርያ በተለያየ አፈርና አየር ሁለቱንም ጠባይ አሳይቷል። ፍሬ ሰጪው በሌላ ተክል ሥር ላይ ተቀጥሎ የበቀለ ከሆነ ደግሞ ሥሩም ይወስናል፦ 110 ሪችተርና 140 ሩጀሪ የተባሉት የሥር ዝርያዎች ድርቅን ይችላሉ፣ ሪፓሪያ ግሏር ግን ቶሎ ይጎዳል።

በፍሬው ላይ ወቅቱ ሁሉን ይለውጣል። ፍሬው ቀለም ከመያዙ በፊት የደረሰ ጥማት መጠኑን ያሳንሳል፤ በኋላ ቢጠጣም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በቀይ ወይን ላይ መጠነኛ ጥማት ዩኤፍጂቲን የመሳሰሉ የቀለም ጂኖችን ያነቃና የልጣጩን አንቶሳያኒን (ቀዩን ቀለም) ይጨምራል።

ይህን ለመለካት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ተክሉ ምን ያህል እንደተጠማ ይወቅ። ጎህ ሳይቀድ በግፊት መለኪያ የተወሰደ የቅጠል ውሃ ፖቴንሻል (ተክሉ በተጠማ ቁጥር ከዜሮ በታች እየወረደ የሚሄድ ልኬት) ከ -0.2 ሜጋፓስካል በላይ ከሆነ ጥማት የለም ማለት ይቻላል፤ ከ -0.8 በታች ከወረደ ከባድ ነው። ናሙና ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይወሰድ፤ ብዙ ጂኖች ያለ ድርቅም ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣሉና። ቅጠሉ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቶ በ -80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ። የወይን ቅጠል ፖሊፌኖል ይበዛዋል፤ ማውጫው ፈሳሽ ላይ ፖሊፌኖልን የሚይዘው ፒቪፒ ካልተጨመረ አርኤንኤው (ጂን ሲነበብ የሚወጣው ቅጂ) ይቡናማል፣ ቀጣዩም ምርመራ ይከሽፋል።

ብዙ ውጤት የሚያጣምመው ግን የመትከያ ማሰሮ ነው። በማሰሮ የተተከለ ወይን በቀናት ውስጥ ይደርቃል፤ ማሳ ላይ ያለው ሳምንታት ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ ሴሎቹ በውሃ የሚሟሙ ነገሮችን አከማችተው ራሳቸውን ያላምዳሉ። ስለዚህ በማሰሮ በአምስት ቀን የተገኘ የጂን ዝርዝር የድንጋጤ ዝርዝር ነው፤ የማሳውን ለማወቅ ውሃውን ቀስ በቀስ መቀነስ ያስፈልጋል።